ወደ ካልኩለስ የሚያደርሰው የሒሳብ ትምህርት ምን እንደ ሆነ

በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የሚኖር ልጅ 8ኛ ክፍልን ፈጽሞ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሄድ፥ ብዙ ጊዜ በደብረ ማርቆስ ወይም በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ፥ ስንቁን ከወላጆቹ ቤት እያመላለሰ ይማራል። ለዚህ የሚወጣው እህልና ገንዘብ ለገበሬ ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ ድካም ከሚሰናከልባቸው ነገሮች አንዱ የላይኛው ክፍል ሒሳብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይህ የሒሳብ ብቻ ውጤት ባይሆንም፥ መምህራንና ሽማግሌዎች ልጁን የሚጠብቀው ትምህርት እንደምን ያለ እንደ ሆነ አስቀድመው ቢያውቁት ይገባል።

ካልኩለስ ማለት የሚለዋወጠውን ነገር የሚመረምር የሒሳብ ክፍል ነው። ይኸውም ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ይመሰላል። መንገዱ በጠቅላላው ምን ያህል ቁልቁለት እንዳለው ከፍታውን ለርዝመቱ በማካፈል ይታወቃል፤ ነገር ግን በአንዱ ጥምዝ፥ በዚያች ስፍራ ብቻ፥ ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ተራ ማካፈል አይናገርም። ይህን የሚመልስ ካልኩለስ ነው። ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግን መንገዱን ራሱን በቁጥርና በሥዕል መጻፍ ያስፈልጋል፤ ቅድመ ካልኩለስ የሚባለውም ይህ ዝግጅት ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል፤ በኢትዮጵያ ግን በዚህ ስም የተለየ መጽሐፍ የለውም፥ ነገሩ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ተከፋፍሎ ይሰጥና የካልኩለስ መግቢያ በ12ኛ ክፍል ይመጣል።

የዚህ ትምህርት ራስ ፈንክሽን የሚባለው ነው። ቃሉ የባዕድ ነው፥ ነገሩ ግን ለጎጃም ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ፈንክሽን ማለት አንድ ቁጥር ሲሰጡት በተወሰነ ሕግ ሠርቶ አንድ ቁጥር ብቻ የሚመልስ ሥርዓት ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው በየዓመቱ ይህንኑ ያደርጋል። ለምሳሌ 2018 ዓ.ም. ሲሰጠው 5500 ዘመነ ብሉይን ጨምሮ 7518 ይላል፤ ይህን በ19 ሲገድፈው 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ትቶ 12ን ወንበር ያደርጋል። ወንበሩን በጥንተ አበቅቴ በ11 ሲያበዛው 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገድፈው 12 ይተርፋልና አበቅቴው 12 ነው። ደግሞ ወንበሩን በጥንተ መጥቅዕ በ19 አብዝቶ ከ228 ላይ በ30 ሲገድፍ መጥቅዑን 18 ያገኛል። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው ለሥራው ምስክር ነው። በዚሁ መንገድ ሄዶ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን መሆኑን ያገኛል። በትምህርት ቤት ፎርሙላን ለመተርጐም የሚነገረው ቀመር የሚለው ቃልም ባሕረ ሐሳብ ሲገለገልበት የኖረ ነው።

አንድ ዓመት ሁለት አበቅቴ ሊኖረው አይችልም፤ ይህ የፈንክሽን ዋና ሕግ ነው። አንድ አበቅቴ ግን ለብዙ ዓመታት ይሆናል፤ 12 በ1999 ዓ.ም. ነበረ፥ በ2037 ዓ.ም.ም ይመለሳል። ስለዚህ አበቅቴውን ብቻ አይቶ ዓመቱን መናገር አይቻልም። ተማሪው የፈንክሽን ተገላቢጦሽ መቼ እንደሚኖርና መቼ እንደማይኖር ሲጠየቅ፥ የተጠየቀው ይህንኑ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መምህር በመንደሩ ካለ ከእርሱ ይልቅ ይህን አጣርቶ የሚያስረዳ አይገኝም።

ትሪጎኖሜትሪ በሦስት ማዕዘን ይጀምራል። ከባሕር ዛፍ 20 ሜትር ርቆ በሜዳ ላይ ቆሞ ጫፉን በ45 ዲግሪ የሚያይ ሰው፥ ዛፉ ከዓይኑ ከፍታ በላይ 20 ሜትር እንደሚቆም ሳይወጣበት ያውቃል። በላይኛው ክፍል ግን ሦስት ማዕዘኑ ቀርቶ ክበብ ይተካል፤ ሳይንና ኮሳይንም በየ360 ዲግሪው ራሳቸውን የሚደግሙ ፈንክሽኖች ይሆናሉ፥ አበቅቴ በየ19 ዓመቱ እንደሚደግም። ብዙ ተማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ 400 ዲግሪ የሆነ ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ውስጥ አይገኝምና።

ሎጋሪዝም ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ አጭር ነው። በዓመት ከመቶ 10 የሚወለድ 1000 ብር፥ ወለዱም ወለድ እየወለደ፥ 1100፥ ከዚያ 1210፥ ከዚያ 1331 ይሆናል። በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል ብሎ ወደ ኋላ መጠየቅ የሎጋሪዝም ሥራ ነው፤ በ7 ዓመት 2000 አይሞላም፥ በ8 ዓመት ያልፋል።

በላይኛው ክፍል የሚወድቅ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በአዲሱ ነገር አይደለም። የሚጥለው በመንደር ትምህርት ቤት ሳይጠና የቀረው ክፍልፋይ ነው። ግማሽንና ሲሶን ደምሮ ሁለት አምስተኛ የሚል ልጅ፥ በግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ እንጀራ አገኘሁ ማለቱ ነው፤ ይህ ስሕተት በ6ኛ ክፍል ካልታረመ በ11ኛ ክፍል በፊደል ተሸፍኖ ይመለሳል። እንዲሁም የሁለት ቁጥሮች ድምር በራሱ ሲባዛ የየራሳቸው ብዜት ድምር ብቻ ይመስላቸዋል። መምህሩ በግቢው አፈር ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 3ና 4 ክንድ ተብሎ የተከፈለ አራት ማዕዘን ማሳ ይሥመር፤ ልጆቹ 9ና 16ን ካገኙ በኋላ ሁለት ባለ 12 ክፍሎች ቀርተው ያያሉ፤ ሁሉም አንድነት 49 ነው እንጂ 25 አይደለም።

የአጠናኑም ነገር አለ። የታችኛው ክፍል ሒሳብ ዳዊት እንደ መድገም በቃል ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ግን እንደ ቅኔ ቤት ነው፥ በዋሸራም በዲማም ተማሪው የሌላውን ቅኔ በመያዝ ብቻ አይመረቅም፥ በየቀኑ የራሱን ይቈጥራል እንጂ። ስለዚህ ልጁ ለብቻው ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ሰዓት በየዕለቱ ያስፈልገዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ለስንቅ ሲመጣ ቀኑ ሁሉ በእርሻና በከብት፥ ለሴት ልጅም በውኃና በእንጨት እንዳያልቅ ወላጆች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ልጁ ለመሄድ ከመነሣቱ በፊት መሰናዶውን ለማወቅ የሚሻ ሽማግሌ ወንበሩን እንዴት እንደሚያወጣ አሳይቶት የ2019 ዓ.ም.ን አበቅቴ ይጠይቀው። 7519ን በ19 ሲገድፍ 14 ይተርፈዋል፥ ወንበሩ 13፥ አበቅቴውም 23 ይሆናል፤ መጥቅዑን ሳያበዛ ከ30 ላይ ቀንሶ 7 ብሎ ከተናገረ፥ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ደግሞ ይጠየቅ።