በሐሞት መንገድ የተሰወረ ደዌ

ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት ወደ አንጀት የሚወርድበት ቱቦ ስፋቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጥ ነውና፣ አንዳች ነገር ሲያጠብበው ሐሞቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከደም ይቀላቀላል፤ ያን ጊዜ የሕመምተኛው የዓይን ነጭ እርድ ይመስላል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድሩ ይነጣል፣ ቆዳውም መዓልት ወሌሊት ያሳክከዋል። የአገራችን ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «የወፍ በሽታ» ይለዋል፤ ነገር ግን ወፏ የምትነሣበት ዛፍ ብዙ ነው።

የሐሞት ጠጠር ያልሆነ እንደ ሆነ፣ ሐኪሞች አስቀድመው ከሚጠረጥሩት አንዱ ከቱቦው ውስጠኛ ሽፋን የሚበቅለው ነቀርሳ ነው፤ እርሱም የግራና የቀኝ ጉበት ቱቦዎች በሚገናኙበት መንታ ስፍራ ሲወጣ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ክላትስኪን እ.ኤ.አ. በ1965 የ13 ሕሙማንን ታሪክ ሰብስቦ ስለ ጻፈበት በእርሱ ስም ይጠራል። እጅግ አልፎ አልፎ ግን በዚያው ስፍራ፣ በዚያው መልክ ሊምፎማ ይገኛል፤ ይህም ሰውነትን እንዲጠብቁ ከተሾሙት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሣ ነቀርሳ ስለሆነ፣ ዘበኛው ራሱ ሸፍቶ በሩን እንደ መዝጋት ያለ ነገር ነው።

ሁለቱን መለየት ስለምን ያስጨንቃል ቢሉ፣ ፈውሳቸው ስለሚለያይ ነው፤ የፊተኛው ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ዋናው ተስፋ ቱቦውን፣ አንዳንዴም ከጉበቱ ክፍል ጋራ፣ ቆርጦ ማውጣት ሲሆን፣ ሊምፎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላዋ በመድኃኒት ይታከማል።

በሲቲ ስካንና በኤም አር አይ ሥዕል ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥበት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ሐኪሙ በአፍ በኩል ቀጭን መሣሪያ ሰድዶ ቱቦውን በትንሽ ብሩሽ ቢጠርግም፣ ብሩሹ የሚያነሣው የላይኛውን ሽፋን ሕዋሳት ነው፤ ሊምፎማው ግን ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ በታች፣ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ርጥበት፣ ተደብቆ ይቀራልና፣ «ነቀርሳ አልተገኘም» የሚለው ውጤት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ስለዚህ ጠለቅ ብሎ ቁራጭ ሥጋ መውሰድ ይገባል፤ ይህ ሳይደረግ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት ቢሰጥ ግን የሊምፎማውን ሕዋሳት አሟሙቶ ምስክሩን ሊያጠፋ ይችላል።

ቁራጩ በስሱ ተቆርጦ በመስተዋት ላይ ከተዘረጋ በኋላ፣ ሲዲ20 የተባለውን ምልክት የሚፈልግ አንቲቦዲ ሲፈስበት፣ ሊምፎማው ቢ ሕዋሳት ከተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የተነሣ እንደ ሆነ የሕዋሳቱ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይደምቃል፤ ከቱቦው ሽፋን የተወለደው ነቀርሳ ግን ለኬራቲን ምርመራ እንጂ ለዚህ አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒትም ሄዶ የሚጣበቀው በዚሁ በሲዲ20 ላይ ነውና፣ በመስተዋቱ ላይ ሸማቂውን የገለጠው ማኅተም፣ በደም ሥር የሚገባውን ፈውስ ወደ መሸሸጊያው ይመራዋል።