መሃል ከተማን ማደስ፦ ግንቡ፣ ገበያውና ነዋሪው

ጎንደር ፒያሳ አላት፤ ሐረር ጀጎል፤ ድሬዳዋ ከዚራና መጋላ። ገበያው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በእነዚህ ሰፈሮች ተሰባስበዋል። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክልል ከተሞች ከዘለቀ ወዲህ፣ ያረጀ መሃል ከተማ ምን ይደረግ የሚለው ጉዳይ የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የትኛው ይፍረስ? የትኛው ይጠገን? አዲሱ ሕንፃ የት ይቁም? እዚያ የኖረውስ ሰው የት ይሂድ?

ሌሎች አገሮች በዚህ ጥያቄ ከሰባ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ብዙዎቹ አፍርሰው ተጸጽተዋል፤ ጥቂቶቹ መላ አግኝተዋል። ልምዳቸው ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ መሃል ከተማ የሚያንሰራራው እዚያ የሚኖረውና የሚነግደው ሰው የእድሳቱ አካል ሲሆን ነው። ጥገናውም አዲሱ ግንባታም በዚህ ሊመዘን ይገባል።

መሃሉ እንዴት ባዶ ቀረ

የመሃል ከተማ ውድቀት በሰፊው የታየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የቤቶች ሕግ፣ ከተሞች ያረጁ ሰፈሮችን ገዝተው እንዲያፈርሱ የፌዴራል ገንዘብ ፈቀደ። በ1956 ደግሞ የአውራ ጎዳና ሕግ ወጣ። ሰፋፊ መንገዶች ከተሞችን ሰንጥቀው አለፉ፤ መኪና ያለው ቤተሰብ ከከተማ ዳር ቤት ሠራ። በዚያው ዓመት በሚኒሶታ ግዛት፣ ኢዳይና በተባለች ከተማ ሳውዝዴል የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ሙሉ በሙሉ ጣሪያ የለበሰ፣ በጋ ከክረምት አየሩ የማይለዋወጥ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሞል እሱ ነበር።

የሳውዝዴል አርክቴክት ቪክቶር ግሩን ከናዚ ሸሽቶ የተሰደደ የቪየና አይሁዳዊ ነው። ምኞቱ የአውሮፓን አደባባይ ሕይወት ለአሜሪካ ዳርቻ ማውረስ ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሞሉ ገበያተኛውን ከመሃል ከተማ ነጠቀ፤ ትልልቅ መደብሮች ተከታትለው ወጡ፤ የፈረሱት ሰፈሮች ብዙዎቹ የመኪና ማቆሚያ ሆነው ቀሩ። ጉዳቱ ከሁሉ የከፋው ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ላይ ነበር። መንገዱም ፈረሳውም በአብዛኛው በእነሱ በኩል አልፏልና።

ከተሞች ሞሉን መስለው ሊፎካከሩትም ሞከሩ። በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ካላማዙ እ.ኤ.አ. በ1959 ዋና የገበያ ጎዳናዋን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ብቻ አደረገች። ለአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር፤ ብዙ ከተሞችም ተከተሏት። ነገር ግን በጎዳናው ዙሪያ የሚኖር ሰው በሌለበት፣ መንገድ መዝጋት ብቻውን ገበያ አይጠራም። አብዛኞቹ ቆይተው መንገዱን መልሰው ከፈቱ፤ ካላማዙም በ1998 የጎዳናውን ከፊል ለመኪና መለሰች።

አስተሳሰቡ ሲለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1961 ጄን ጄከብስ ስለ ታላላቅ የአሜሪካ ከተሞች ሞትና ሕይወት የጻፈችው መጽሐፍ ክርክሩን ገለበጠው። ለአንድ ሰፈር ሕያውነት አራት ነገር ያስፈልጋል ብላ አስረዳች፦ መኖሪያና ሥራ በአንድ ቦታ መቀላቀላቸው፣ አጫጭር መንገዶች፣ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሕንፃዎች፣ በቂ የነዋሪ ብዛት። ስለ አሮጌ ሕንፃ ያቀረበችው ሐሳብ የኢኮኖሚ ነው። አዲስ ሕንፃ የወጣበትን ወጪ ለመመለስ ከፍ ያለ ኪራይ ይጠይቃል፤ ያንን የሚችል ደግሞ ባንክና ትልቅ ድርጅት ነው። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ አዳሹ፣ ገና ሥራ የሚጀምረው ወጣት በአነስተኛ ኪራይ የሚገቡበት አሮጌ ቤት ከሌለ ከሰፈሩ ይወጣሉ።

በ1963 የኒውዮርኩ ፔን የባቡር ጣቢያ መፍረስ ሲጀመር ቁጣው አገር አቀፍ ሆነ። በ1966 ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ የገባበት ሥራ በታሪካዊ ሕንፃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና ግድ አለ። ገንዘቡ ደግሞ በግብር በኩል መጣ። ከ1986 ወዲህ፣ የተመዘገበ ታሪካዊና ገቢ የሚያስገኝ ሕንፃን ደረጃውን ጠብቆ ያደሰ ባለንብረት ካወጣው ወጪ 20 በመቶው ከፌዴራል ግብሩ ይቀነስለታል። ማፍረስ ይሻለኛል ሲል የነበረ ባለሀብት እርሳስና ወረቀት ይዞ እንደገና እንዲያሰላ ያደረገው ይህ ነው።

ለትንንሽ ከተሞች ይበልጥ የጠቀመው ግን የዋና ጎዳና መርሐ ግብር ይመስለኛል። ብሔራዊ የታሪካዊ ጥበቃ ትረስት እ.ኤ.አ. በ1977 ሙከራውን በሦስት ከተሞች ጀመረ፦ በኢሊኖይ ጌልስበርግ፣ በኢንዲያና ማዲሰን፣ በደቡብ ዳኮታ ሆት ስፕሪንግስ። ለየከተማው አንድ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ አስተባባሪ ተመደበለት። ሥራውም በአራት ተከፈለ፦ ነጋዴውን፣ ባለንብረቱንና ማዘጋጃ ቤቱን ማደራጀት፣ የሕንፃዎችን ፊትና ጎዳናውን ማሳመር፣ ሰው ወደ ገበያው እንዲመጣ ማስተዋወቅ፣ ንግዱን ማጠናከር። አንድ ሱቅ ታድሶ ሰው ሲገባበት ጎረቤቱም የሱቁን ፊት ይቀባል፤ እድሳቱ በዚህ መንገድ ከበር ወደ በር ይሄዳል።

ግሪንቪል፦ የሠላሳ ዓመት ሥራ

በሳውዝ ካሮላይና የምትገኘው ግሪንቪል 70 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያደገች ከተማ ናት። ፋብሪካዎቹ ሲዳከሙና ሞሎች ሲከፈቱ ዋና ጎዳናዋ ጭር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1979 ከንቲባዋ የነበሩት ማክስ ሄለር እንደ ግሩን ሁሉ በ1938 ከቪየና የሸሹ አይሁዳዊ ናቸው። ግሪንቪል ደርሰው በሸሚዝ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በኋላም የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ። ሄለር የልጅነት ከተማቸውን ጎዳናዎች አልረሱም፤ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበት፣ ደጅ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣበት ዋና ጎዳና ፈለጉ።

በእሳቸው ዘመን በተጀመረው ሥራ ባለአራት መስመር የነበረው ዋና ጎዳና ወደ ሁለት ጠበበ፤ የእግረኛው መንገድ ሰፋ፤ ዛፍ ተተከለ። ንድፉን የሠራው ታዋቂው የመልክዓ ምድር አርክቴክት ሎውረንስ ሃልፕሪን ነበር። ቀጥሎ ከተማው ከግል ባለሀብት ጋር ተጋርቶ በጎዳናው አንድ ጫፍ ሆቴልና የስብሰባ ማዕከል ሠራ፤ ሐያት ሪጀንሲ በ1982 ተከፈተ። በ1990 ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ የፒስ ሴንተር የትርኢት ማዕከል ተከፈተ፤ በግቢው የነበሩ የድሮ ፋብሪካ ሕንፃዎች ሳይፈርሱ የማዕከሉ አካል ሆኑ። ሆቴልና ትርኢት ቤት በሁለቱ ጫፍ ሲቆሙ፣ ሰው በመካከላቸው ይመላለሳል፤ በመካከላቸው ያሉት ሱቆችም ነፍስ ይዘራሉ።

የከተማዋ ትልቁ ሀብት ግን ተሸፍኖ ነበር። በመሃሏ የሚወርደው የሪዲ ወንዝ ፏፏቴ ላይ በ1960 የመኪና ድልድይ ተሠርቶበታል። የአትክልት ወዳጆች ማኅበር ሴቶች ፏፏቴው ይመለስ እያሉ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወተወቱ። ድልድዩ በ2002 ፈረሰ፤ በ2004 ፎልስ ፓርክ ተከፈተ፤ የእግረኞች ድልድይም ተዘረጋለት። ዙሪያው ዛሬ በመኖሪያ አፓርታማና በምግብ ቤት ተሞልቷል።

ከማክስ ሄለር እስከ ፓርኩ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። ከንቲባዎች ተለዋወጡ፤ አቅጣጫው ግን አልተለወጠም። ስኬቱ የራሱን ችግር ወለደ፤ የቤት ዋጋ ናረ፣ በከተማዋ የጥቁር ነዋሪዎች ድርሻም ቀነሰ። በ2022 ዩኒቲ ፓርክ ሲከፈት ከተማው በአቅራቢያው ላለው አቅመ ውስን ነዋሪ ቤት የሚሆን መሬት ለመመደብ ተገደደ። ይህ ጥንቃቄ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ መታሰብ ነበረበት።

ቦሎኛ፦ ነዋሪውም ቅርስ ነው

ያንን ጥንቃቄ ቀድማ ያሰበች ከተማ በጣሊያን አለች። ቦሎኛ እ.ኤ.አ. በ1969 ለታሪካዊ መሃሏ የጥበቃ ፕላን አወጣች፤ በ1973 ደግሞ በአርክቴክት ፒየር ሉዊጂ ቸርቬላቲ መሪነት ያልተለመደ እርምጃ ወሰደች። በከተማ ዳር አዲስ የጋራ መኖሪያ ለመሥራት የሚውለውን የመንግሥት ገንዘብ፣ በመሃል ከተማ ያረጁ ቤቶችን ለማደስ አዋለችው። የቤቶቹ አሠራር በዓይነት በዓይነቱ ተጠና፤ ውስጣቸው ለዘመኑ ኑሮ ሲስተካከል መልካቸው ተጠበቀ። ነዋሪው በሥራው ወቅት እዚያው አካባቢ በጊዜያዊ ቤት ቆይቶ እንዲመለስ ታሰበ። የግል ባለንብረትም ከከተማው ጋር ውል ገብቶ ድጋፍ ያገኝ ነበር፤ በምላሹ ኪራዩን በተወሰነው ልክ ይይዝ ነበር።

በ1975 የአምስተርዳም መግለጫ አውሮፓን የጋበዘው ወደዚህ አስተሳሰብ ነው። ታሪካዊ ሰፈር ሲታደስ የነዋሪው ማኅበራዊ ስብጥር እንዳይናጋ አሳሰበ። የቦሎኛ ዕቅድ ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም፤ ገንዘብና ፖለቲካ ገድበውታል። ሆኖም ማደስና ማፈናቀል የግድ አብረው እንደማይሄዱ በተግባር አሳይቷል።

የእኛ ሕመም ሌላ ነው

የኢትዮጵያ መሃል ከተሞች ሰው አልሸሻቸውም። ችግራቸው ሰው በዝቶ ቤቱ ማርጀቱ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በየከተማው መሃል ብዙ የቀበሌ ቤቶችን አስገኘ። ኪራያቸው ለዓመታት እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ቆየ። ቀበሌው ለጥገና የሚበቃ ገቢ አያገኝም፤ ተከራዩም የኔ ብሎ አያድሰውም። በዚህ ላይ የሊዝ ዋጋ የመሃሉን መሬት ከላዩ ካለው ቤት እጅግ የተወደደ ሲያደርገው፣ ማፍረስ ቀላሉ መንገድ ይመስላል።

ያም ሆኖ በእጃችን ያለው ብዙ ነው። በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በቅርብ ዓመታት ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል። ከግቢው ውጭ ያለው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ፒያሳ፣ ሲኒማውና ፖስታ ቤቱ፣ የከተማዋ የዘመናዊ ታሪክ ገጽ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ታድሶ ፒያሳው ከተረሳ ጎብኚው ግንቡን አይቶ ይመለሳል፤ የጎንደር ነጋዴ ግን ከዚያ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ የሆነው ጀጎል ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች፣ ውስጣቸው በልዩ ጥበብ የተደራጀ የሐረሪ ቤቶችና ቀጫጭን መንገዶች አሉ። ጀጎልን ያቆየው ሰው የሚኖርበት መሆኑ ነው፤ ባዶ ሙዚየም ቢሆን ግንቡ ብቻ አያድነውም ነበር። በአንጻሩ ነዋሪው ጣሪያውን በቆርቆሮ፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ ሲቀይር የቤቱ ጥበብ ይጠፋል። ስለዚህ ለነባሩ የግንባታ ሙያ ሥልጠናና ለባለቤቱ የጥገና ድጋፍ ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ተመሠረተች። ከዚራ ቀጥ ባሉ፣ ዛፍ በጠለላቸው ጎዳናዎች ታቅዳ ተሠራች፤ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ መጋላ በራሷ የንግድ ሥርዓት አደገች። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከከተማዋ ውጭ ሌላ ጣቢያ ስላለው፣ የመሃሉ ጣቢያና ወርክሾፖቹ የቀድሞ ሥራቸውን አብዛኛውን አጥተዋል። የአገሪቱን የባቡር ታሪክ የያዘው ይህ ሰፊ ግቢ ለድሬዳዋ ፎልስ ፓርክ ለግሪንቪል የሆነውን ሊሆን ይችላል፦ ሙዚየም፣ የሙያ ማሠልጠኛ፣ የአነስተኛ አምራቾች ቦታ፣ ጥላ ያለው አደባባይ። የ1998 ዓ.ም. የክረምት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ከገደለ ወዲህ ደግሞ፣ በደቻቱ ዳር የሚሠራ ማንኛውም ግንባታ ከጎርፍ መከላከል መነሳት እንዳለበት አያጠያይቅም።

ከኮሪደሩ በኋላ

የኮሪደር ልማት ለረጅም ጊዜ የተዘነጉ ነገሮችን ወደ ፊት አምጥቷል፦ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ የብስክሌት መስመር፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ቦታ። ጥቅሙ እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ የሆነው ግን መካከለኞቹ ከተሞች በጥንቃቄ ሊያዩት የሚገባ ነው። ነባር ሰፈሮች በአጭር ጊዜ ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሲሄድ፣ በዘመናት የተገነባ ጉርብትና፣ ዕድርና የደንበኛ ገበያ አብሮ ይበተናል። ጠጅ ቤቱንም ቡና ሻጯንም ከደንበኞቻቸው ጋር አንድ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር አይቻልም።

አማራጩ በሕጋችን ውስጥም አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ ማልማት በታሰበበት ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች በግልም በቡድንም ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት በወረቀት እንዳይቀር ብድር፣ የንድፍ እገዛና በቂ ጊዜ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ከተማ ከፈረሳ በፊት የመሃሉን ቤቶች በዕድሜ፣ በአሠራርና በአገልግሎት ቢመዘግብ፣ የቱ ቅርስ የቱ ደካማ ቤት እንደሆነ በግምት አይወሰንም። አዲስ ሕንፃ በባዶና በተዳከመ ቦታ ቢጀምር፣ ምድር ቤቱ ለትንንሽ ሱቆች ቢከፈት፣ የፈረሰበት ተከራይ እዚያው አካባቢ ቢመለስ፣ ከሊዝ ገቢ ጥቂቱ ለጥገና ቢመደብ፣ ከተማው ሳይበተን ይታደሳል። ቅርስ የሚያድስ ባለንብረትም የግብር ማትጊያ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከንቲባ ሲቀየር የማይቀየር ዕቅድ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚሠራ ሥራ ያስፈልጋል። መካከለኛ ከተሞቻችን ገና ብዙ ያልፈረሰ ነገር አላቸውና ዕድለኞች ናቸው። ከተማ አደግን የምንልበት ቀን፣ በመሃሉ ትናንት የነገደው ሰው ነገም በዚያው ጎዳና፣ በተሻለ ሱቅ ውስጥ መነገድ የሚችልበት ሊሆን ይገባል።