ኦቶ ክሬችመር፦ ቀድሞ የተማረከው የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዦች ሁሉ ብዙ ቶን ያሰመጠው ኦቶ ክሬችመር ነው፤ ከ40 በላይ መርከቦች፣ በክብደት ከሩብ ሚሊዮን ቶን በላይ። ጦርነቱ ወደ ስድስት ዓመት ግድም ሲፈጅ እሱ የተዋጋው የመጀመሪያውን ዓመት ተኩል ብቻ ነው። የቀረውን በእንግሊዝና በካናዳ የምርኮኞች ካምፕ አሳለፈ። እሱ ከተያዘ በኋላ አራት ዓመት ከተዋጉት ጓዶቹ አንድም የደረሰበት የለም። ይህ የሰውየውን ችሎታ ያሳያል፤ ከዚያ ይበልጥ ግን ባሕሩ ለጀርመኖች ምን ያህል ቶሎ እንደጨለመባቸው ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱም ወሮቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሬችመር በ1912 ዛሬ የፖላንድ በሆነችው በሲሌዥያ ተወለደ። በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ኤክስተር ከተማ ጥቂት ወራት ተቀምጦ ተምሯል። ቋንቋቸውን አጣርቶ ማወቁ ወደፊት ለራሱም ለወታደሮቹም ነፍስ ማዳኛ ይሆናል። ባሕር ኃይል የገባው በ1930፣ ወደ ሰርጓጅ ክፍል የተዛወረው በ1936 ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ዩ-23 የምትባል ትንሽ መርከብ ይመራ ነበር። በጃንዋሪ 1940 ስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ኦርክኒ ደሴቶች ውስጥ መልሕቋን ጥላ የቆመች «ዳንማርክ» የተባለች የነዳጅ መርከብ መታ። መርከቧ ከ10 ሺህ ቶን በላይ ነበረች፤ ንብረትነቷም ያኔ ገለልተኛ የነበረችው የዴንማርክ። በወሩ ደግሞ «ዴሪንግ» የተባለችውን የእንግሊዝ አውዳሚ መርከብ አሰመጠ፤ ከመርከበኞቿ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስሙን ያስጠራችው ግን በአፕሪል 1940 የተረከባት ዩ-99 ናት። ርዝመቷ 66 ሜትር ተኩል ነው። አፍንጫዋ ላይ አራት፣ ጭራዋ ላይ አንድ የቶርፔዶ መተኮሻ ቱቦ አላት። በዚህች ጠባብ የብረት ቱቦ ውስጥ ከ40 በላይ ሰዎች በፈረቃ ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ይሠራሉ። የያኔው ሰርጓጅ መርከብ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በውሃው ላይ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ከላይ ሲሆን በናፍጣ ሞተር በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ከሰረገ በኋላ በባትሪ ስለሚሄድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። መጥለቅ ለመደበቂያ እንጂ ለማሳደጃ አይመችም ነበር።

ክሬችመር ይህን ከማንም በላይ የገባው ሰው ነው። እንግሊዞች ሰርጓጅ መርከብን የሚያድኑበት «አስዲክ» የሚባል መሣሪያ ነበራቸው፦ ውሃ ውስጥ ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ብረት ነክቶ ሲመለስ ያዳምጣል። መሣሪያው የጠለቀውን ያገኛል፤ በሌሊት ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፈውን ግን አያገኝም። ራዳር ደግሞ ገና በአጃቢ መርከቦች ላይ አልተስፋፋም። የወቅቱ ሥልጠና ከቅፍለቱ፣ ማለትም በጦር መርከብ ታጅቦ ከሚጓዘው የጭነት መርከቦች ሰልፍ ውጭ፣ ከሩቅ ሆኖ ብዙ ቶርፔዶ በአንዴ መልቀቅን ያዝዝ ነበር። እሱ ግን ጨለማን ተገን አድርጎ በአጃቢዎቹ መካከል ሾልኮ በመግባት፣ በጭነት መርከቦቹ ሰልፍ ውስጥ እንደ አንዳቸው እየተጓዘ በቅርብ ርቀት ይተኩሳል። መርሁ «አንድ ቶርፔዶ፣ አንድ መርከብ» ነበር። በሬዲዮ ማውራት ስለማይወድና በተፈጥሮውም ቁጥብ ስለነበር ጓዶቹ «ዝምተኛው ኦቶ» ይሉታል።

ዘዴው ምን እንደሚያደርስ የታየው በኦክቶበር 1940 ነው። «ኤስሲ 7» የተባለ፣ 35 የጭነት መርከቦች ያሉት ዘገምተኛ ቅፍለት ብረትና ጣውላ ጭኖ ከካናዳ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ የሰርጓጅ መርከቦች መንጋ ወረደበት። ቅፍለቱ ሃያ መርከቦች አጣ፤ ስድስቱን በአንድ ሌሊት የወሰደችው ዩ-99 ናት። በኖቬምበር መጀመሪያ ላይም መድፍ ተጠምዶባቸው ለጦር አገልግሎት የተሰማሩትን «ሎረንቲክ»ና «ፓትሮክለስ» የተባሉ ትልልቅ መርከቦች አሰመጠ። ናዚ ጀርመን ኒሻን በላይ በላዩ አጠለቀችለት፤ ፎቶግራፉም የፕሮፓጋንዳ ሲሳይ ሆነ።

ስለ ጨዋነቱ ብዙ ተጽፏል፤ መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። በሴፕቴምበር 1940 ራሱ ካሰመጣት መርከብ ተርፎ ብቻውን ይንሳፈፍ የነበረ መርከበኛ አንስቶ፣ በኋላ ያገኛት የሕይወት አድን ጀልባ ላይ አሳፍሮታል። ነገር ግን ያ መርከበኛ ውቅያኖስ ላይ ብቻውን የቀረው በማን ቶርፔዶ እንደሆነ ጨዋነቱን የሚያወሱት ጸሐፊዎች ያልፉታል። በጦርነቱ የሞቱት የእንግሊዝ ንግድ መርከቦች ሠራተኞች ከ30 ሺህ አያንሱም፤ አብዛኞቹም ተኩሰው የማያውቁ ምድጃ አንዳጆች፣ ወጥ ቤቶችና ተራ መርከበኞች ነበሩ።

የክሬችመር ዕድል የተገለበጠው በማርች 16፣ 1941 ሌሊት ነው። እንደ ልማዱ «ኤችኤክስ 112» የተባለ ቅፍለት ውስጥ ገብቶ ስድስት መርከቦች መታ፤ አምስቱ ሰመጡ። ቶርፔዶው አልቆ ወደ ቤቱ በመመለስ ላይ ሳለ የጥበቃ ተረኛው መኮንን ድንገት የእንግሊዝ አውዳሚ መርከብ አየና መርከቧን አሰረጋት። አዛዡ ደግሞ ሌሊት ላይ አትስረጉ የሚል ቋሚ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ከላይ ቢቆዩ ምናልባት በጨለማው ባመለጡ፤ የጠለቀውን ግን አስዲክ ወዲያው አገኘው። «ዎከር» የተባለችው መርከብ የጥልቅ ውሃ ቦምቦቿን አዘነበችባቸው። ዩ-99 ከ200 ሜትር በታች ወረደች፤ ብረቷ ሊጨመደድ ሲል የቀረውን አየር ተጠቅመው ወደ ላይ አወጧት። ክሬችመር እየሰመጡ መሆናቸውን ገልጾ ሰዎቹን እንዲያነሱለት በመብራት፣ በእንግሊዝኛ መልእክት ላከ። አርባው ዳኑ፤ ሦስቱ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ መርከቧ በጠላት እጅ እንዳትወድቅ ውሃ ሊያስገባባት ወደ ውስጥ የተመለሰው መሐንዲሷ ነው።

የ«ዎከር» አዛዥ ዶናልድ ማክኢንታየር የክሬችመርን የዛይስ መነጽር ወሰደና ጦርነቱ እስኪያበቃ ይጠቀምበት ነበር። ማክኢንታየር የጻፈው አንድ ገጠመኝም አለ። የዩ-99 ዓርማ ማማዋ ላይ የተለጠፈ የፈረስ ኮቴ ብረት ሲሆን አፉ ወደ ታች የዞረ ነበር። ምርኮኛው «ዎከር» ላይም ያው የኮቴ ብረት፣ ግን አፉ ወደ ላይ ዞሮ አየና በመገጣጠሙ ተገረመ። እንግሊዞች ብረቱ ወደ ታች ሲዞር ዕድል ይፈስሳል እንደሚሉ ሲነገረው ሳቀ ይባላል።

በዚያው ሌሊት ሌላው ስመ ጥር አዛዥ ዮአኺም ሼፕከ «ቫኖክ» በተባለች የእንግሊዝ አውዳሚ መርከብ ተገጭቶ ሞተ፤ መርከቡን በጨለማ ያገኘችው ራዳር ናት። ሌላው አዛዥ ጉንተር ፕሪንም በዚያው ወር ከነመርከቡ ደብዛው ጠፋ። ጀርመን በአንድ ወር ሦስት ዝነኞቿን አጣች።

ምርኮኛው ክሬችመር ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሰሜን እንግሊዝ ግሪዝዴል ሆል ካምፕ የምርኮኞቹ አለቃ ሆነ። በዚያም ምርኮኞቹ ዩ-570 የተባለችውን ሰርጓጅ መርከብ ለእንግሊዞች አስረክበዋል የተባሉትን መኮንኖች በድብቅ «የክብር ሸንጎ» ዳኙ። ጥፋተኛ የተባለው አንደኛ መኮንን ስሙን ለማደስ ከካምፑ አምልጦ በእንግሊዝ ወደብ የቆመችውን ያችኑ ዩ-570ን እንዲያሰምጥ ተላከ፤ ሳይደርስ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በኔ ግምት ከክሬችመር ታሪክ እጅግ የሚከብደው ይኸኛው ነው፦ ምርኮኛ በምርኮኛ ላይ የፈረደው ፍርድ።

ቀጥሎ ወደ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ቦማንቪል ወደተባለ ካምፕ ተወሰደ። የመጨረሻው ትልቅ ኒሻኑ የተሰጠው በእስር ላይ ሳለ በ1941 ማብቂያ ነው። በ1943 እሱና ጥቂት መኮንኖች በዋሻ አምልጠው በኒው ብራንስዊክ ጠረፍ ሰርጓጅ መርከብ እንድትቀበላቸው ተነጋገሩ። ካናዳውያን ምስጢሩን ቀድመው ደርሰውበት ነበርና ዋሻው ተገኘ፤ በሌላ መንገድ ያመለጠ አንድ መኮንን ብቻ ጠረፉ ደርሶ እዚያው ተያዘ። ልትወስዳቸው የመጣችው ዩ-536 ለጊዜው ብታመልጥም በኖቬምበር ሰመጠች።

ክሬችመር አገሩ የገባው በ1947 መጨረሻ ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1955 እንደገና ጦር ስታቋቁም ወደ አዲሱ ባሕር ኃይል ተመለሰ፤ የአጃቢ መርከቦች ጓድም መራ፤ ማለትም ቀድሞ ሲሾልክባቸው የኖረውን ዓይነት መርከቦች። በ1965 በኪል ከተማ የባልቲክ መግቢያ የኔቶ ባሕር ኃይል ዕዝ ኤታማዦር ሹም ሆነ። ዕዙ የጀርመንና የዴንማርክ የጋራ ነበር፤ «ዳንማርክ»ን ያሰመጠው ሰው ከዴንማርክ መኮንኖች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። በ1970 በፍሎቲላ አድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጣ፤ በ1998 በዳኑብ ወንዝ ላይ ለጋብቻው 50ኛ ዓመት በሄደበት ሽርሽር አደጋ ደርሶበት በ86 ዓመቱ ሞተ።

ሰርጓጅ መርከብ ላይ ከዘመቱት 40 ሺህ ያህል ጀርመኖች 30 ሺህ ያህሉ አልተመለሱም። ከ1943 ወዲያ ወደ ባሕር የወጣ አዛዥ ሁሉ ይመለሳል ብሎ መወራረድ አይቻልም ነበር። ክሬችመር አድሚራል ሆኖ፣ አርጅቶ የሞተው ከሌሎቹ የተሻለ ስለተዋጋ ሳይሆን፣ ገና በ1941 በማክኢንታየር እጅ ስለወደቀ ነው።