ሳሎኑን የሞላው መስታወት

ሰንበት ወጥታ መብራት ሲበራ እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ፣ ሄፍጺባ ሰፈር፣ ከአንድ የኢትዮጵያውያን ቤት ብትገቡ ቡናው ገና ሳይፈላ ዓይናችሁ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ቴሌቪዥኑ ከሶፋው አያንስም። አያት ከፊቱ ተቀምጠው ከጎንደር በሰው እጅ የመጣ የሠርግ ዲቪዲ ያያሉ። ስክሪኑ ላይ የቆመችው ሙሽራ ከትንሿ የልጅ ልጃቸው ቁመት ትበልጣለች።

ይህን የሚያህል ዕቃ ከደመወዝተኛ ቤት እንዴት ገባ? የልብስ ሰፊን ሥራ ላየ ሰው ነገሩ አይከብድም። ሰፊ መቀስ ከማንሣቱ በፊት ከአንድ ጣቃ ስንት ሸሚዝ እንደሚወጣ ያሰላል፤ ብጣሹ በበዛ ቁጥር ሸሚዙ ይወደዳል። የስክሪን ፋብሪካም እንደዚያው ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ በሚሆን ስስ መስታወት ላይ የበርካታ ስክሪኖች ትራንዚስተሮች አንድ ላይ ይሠሩና በኋላ መስታወቱ ይቆረጣል። 2.2 በ2.5 ሜትር ከሆነ መስታወት 65 ኢንች ስክሪን ሦስት ብቻ ይወጣል፤ ከጎኑ ሰፊ ቁራጭ ይተርፋል። ቢኦኢ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሄፌይ ከተማ ላይ 2.94 በ3.37 ሜትር በሆነ መስታወት ማምረት ሲጀምር ግን ከአንዱ መስታወት ስምንት ባለ 65፣ ወይም ስድስት ባለ 75 ኢንች ይወጣ ጀመር። ለዋጋው መውረድ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ትልቅ ስክሪን ሲባል ፕላዝማ ነበር። በ1964 አሜሪካ ውስጥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተፈልስፎ ሠላሳ ዓመት ያህል በቴሌቪዥንነት ገበያ ሳያገኝ ቆየ። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ባለ 42 ኢንቹ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ፓናሶኒክ በ2006 ባለ 103 ኢንቹን ሲያወጣ ዋጋው 70 ሺህ ዶላር ገደማ ሆነ፤ ገዢው ሆቴል ወይም ሚሊየነር ነበር። ፓናሶኒክ ራሱ በ2013 መጨረሻ ፕላዝማ ማምረቱን ተወ። ከመስታወት የሚቆረጠው ኤልሲዲ አሸነፈ፤ ዛሬ በውዶቹ ሞዴሎች ከጀርባው ጥቃቅን መብራቶች በሺህ በሚቆጠሩ ቀጠናዎች ተከፋፍለው ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ቲሲኤል በ2024 ያቀረበው ስክሪን 115 ኢንች ደርሷል።

ኢንቹ ደግሞ ያታልላል፤ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ነው። ከ42 ወደ 85 የተሸጋገረ ሰው እጥፍ የገዛ ይመስለዋል፤ በስፋት ግን አራት እጥፍ ገዝቷል። ይህን የሚረዳው ብዙ ጊዜ ዕቃው ደረጃው ላይ ሲደርስ ነው። ባለ 85 ኢንቹ ስክሪን ብቻውን 1.88 ሜትር ይረዝማል፤ ካርቶኑ ከዚያም ያልፋል። የቆዩት ፎቆች ብዙዎቹ አሳንሰር የላቸውም፤ ያላቸውም ጠባብ ነው። ዕቃውን እንደ ሶፋ አጋድሞ መሸከም አይገባም፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ለማኖፍ፣ ማለትም በበረንዳ በኩል ዕቃ ለሚያወጣው ክሬን፣ ተጨማሪ ሰቅል መክፈል ይመጣል።

ታዲያ ማን ይገዛል? ኳስ ወዳዱ ከዓለም ዋንጫ በፊት ይገዛል። የእኛን ሰው ለየት የሚያደርገው ግን ልጆች ለወላጅ መግዛታቸው ይመስለኛል። ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚከብዳቸው፣ ዓይናቸውም ለደከመ እናት፣ በአማርኛ የሚናገር ሰፊ ስክሪን ቅንጦት ነው ለማለት ይከብደኛል። ክፍያው በታሽሉሚም፣ በየወሩ እየተቆረጠ ነው።

ቅንጦት ካልን፣ በዚሁ አገር ቀለም ራሱ ቅንጦት ተብሎ ነበር። በ1970ዎቹ የባለ ቀለም ቴሌቪዥን ግዢ እንዳይስፋፋ በመንግሥት ትእዛዝ ከስርጭቱ ላይ ቀለሙ ይደመሰስ ነበር፤ መደምሰሻው ‘መሒቆን’ ይባል ነበር። ሕዝቡም ‘አንቲ መሒቆን’ የሚባል መሣሪያ እየገዛ፣ ቀለሙ በጠፋ ቁጥር ከሶፋው ተነሥቶ ቁልፉን ያዞር ነበር። ሙሉው የቀለም ስርጭት የመጣው በ1983 ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ባለ ቀለም የሆነው ከዚያ አንድ ዓመት ብቻ ዘግይቶ ነው።

ወደ አያት ሠርግ እንመለስ። 4ኬ የሚባለው ስክሪን ስምንት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። ዲቪዲው የያዘው ግን አራት መቶ ሺህ ገደማ ነው። ከሃያ ነጥብ አሥራ ዘጠኙን ቴሌቪዥኑ ከጎረቤቶቹ እየገመተ ይሞላል ማለት ነው። ፊቱ ሰም የተቀባ የሚመስለው፣ የጥበቡ ጥለት የሚሟሟው ለዚህ ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ ሱቁ ውስጥ የሚያሳያችሁ ለማሳያ ተብሎ የተቀረጸ ዓሣና አበባ ነው።

አንዱን ጉድለት ግን በነፃ ማስተካከል ይቻላል። የድሮው ምስል አራት በሦስት ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ ሰፊው ስክሪን ወደ ጎን ለጥጦ ሙሽራዋን ያወፍራታል። ሪሞቱን አንሥቶ የምስሉን ቅርጽ ወደ አራት በሦስት መመለስ ነው። ሙሽራዋ ወዲያው ትቀጥናለች፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ይሆናል። አያትም “እንዴ፣ ቴሌቪዥኑን ምን አጠበባችሁት?” ብለው ያስመልሱታል።