ኢንሹራንስ ያላዳነው ዋንጫ

የዡል ሪሜ ዋንጫ በወርቅ የተለበጠ ብር ነው፤ ክብደቱም 3.8 ኪሎ ብቻ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያናዊው የፊፋ ሰው ኦቶሪኖ ባራሲ በጫማ ካርቶን አድርጎ አልጋው ስር ደበቀውና ከናዚዎች ተረፈ።

እ.ኤ.አ በ1966 ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እንግሊዝ የዓለም ዋንጫን ልታዘጋጅ ሽር ጉድ ስትል ዋንጫው ለንደን ውስጥ በቴምብር ኤግዚቢሽን ላይ ለእይታ ቀረበ። የ30 ሺህ ፓውንድ ኢንሹራንስ ተገብቶለታል፣ ጥበቃም ተመድቦለታል። ሌባ ግን ኢንሹራንስ አይፈራም! ማርች 20 ቀን ዋንጫው ተሰረቀ። ፖሊስ ሲፈልገው ሰንብቶ ከሳምንት በኋላ ያገኘው ፒክልስ የተባለ ውሻ ነው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቁጥቋጦ ስር ተጥሎ ነበር።

የእንግሊዝ ፌዴሬሽን በምስጢር ያሠራው ቅጂ በ1997 ለጨረታ ሲቀርብ «እውነተኛው ይሄ ነው» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ፊፋ 254 ሺህ 500 ፓውንድ ከፍሎ ገዛው፤ ሲመረመር ግን ያው ቅጂ ሆነ።

እውነተኛውንማ ብራዚል በ1970 ለ3ኛ ጊዜ ስታሸንፍ ለዘለቄታው ወስዳዋለች። ሪዮ ዴ ጃኔሮ የተቀመጠበት ሳጥን ፊቱ ጥይት የማይበሳው መስታወት፣ ጀርባው ግን እንጨት ነበር። በዲሴምበር 1983 ሌቦች ይዘውት ሄዱ፤ እስካሁን የት እንደደረሰ አልታወቀም። «አቅልጠውታል» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ፊፋ የአሁኑን ዋንጫ ለማንም በቋሚነት አይሰጥም፤ አሸናፊው አገር የሚያስቀረው ቅጂውን ነው። ኢንሹራንስ ገንዘብ ይከፍል ይሆናል፤ ቦቢ ሙርና ካርሎስ አልቤርቶ ከፍ አድርገው ያሳዩትን ዋንጫ ግን አይመልስም።