ከኩሽናው ደፍ፦ የፒክልቦል ሀ ሁ

እ.ኤ.አ. በ1965 ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት፣ ሲያትል አጠገብ ባለችው ቤይንብሪጅ ደሴት፣ ጆኤል ፕሪቻርድና ጓደኛው ቢል ቤል ጎልፍ ተጫውተው ሲመለሱ ቤተሰቡ የሚሠራው አጥቶ ተሰላችቶ አገኙት። ግቢው ውስጥ አሮጌ የባድሚንተን ሜዳ ነበር፤ የባድሚንተኑ ዕቃ ግን ተሟልቶ አልተገኘም። ስለዚህ የፒንግ ፖንግ መምቻና ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ አንስተው ጀመሩ። ኳሷ መሬት ላይ ደህና እንደምትነጥር ሲያዩ መረቡን ወደ 91 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረጉት። ትንሽ ቆይቶ ባርኒ ማካለም ተጨመረና ሦስቱ ሕግ አወጡለት። የጨርቅ ኳስ ሰፍቶ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

ስለ ስሙ ሁለት ወሬ አለ። የፕሪቻርድ ቤተሰብ እንደሚለው ባለቤቱ ጆአን ስሙን የወሰደችው ከየጀልባው የተረፉ ቀዛፊዎች ተሰባስበው ከሚቀዝፉት «ፒክል ቦት» ነው፤ ጨዋታውም ከየስፖርቱ የተለቃቀመ ነውና። ፒክልስ በሚባል ውሻ ተሰየመ የሚሉም አሉ። ቤተሰቡ ግን ውሻው የመጣው ከጨዋታው በኋላ ነው ይላል።

ሜዳው 13.41 ሜትር በ6.10 ሜትር ነው፤ የባድሚንተን የጥንድ ሜዳ ልክ። በአንድ የቴኒስ ሜዳ ቦታ ላይ አራት ያህል ይወጣዋል። መረቡ ዳርና ዳር 91፣ መሐል ላይ 86 ሳንቲ ሜትር ይቆማል። ለጀማሪ ደልዳላ ጫማ ከውድ መምቻ ይቀድማል፤ የመሮጫ ጫማ ወደ ጎን ለመንቀሳቀስ አልተሠራምና ቁርጭምጭሚት ያጥፋል።

ሰርቭ፣ ማለትም የመክፈቻው ምት፣ ከወገብ በታች፣ ክንድ ከታች ወደ ላይ እየወጣ፣ በሰያፍ ወዳለው ሳጥን ይመታል፤ ዕድሉም አንድ ብቻ ነው። ከዚያ የሁለት ንጥረት ሕግ ይመጣል፦ ተቀባዩ ኳሷ ነጥራ ይመታል፤ ሰርቭ ያደረገው ወገንም ስትመለስለት እንደገና ትነጥር ዘንድ ይጠብቃል። በአየር ላይ መምታት የሚፈቀደው ከዚያ ወዲያ ነው።

የጨዋታው ልብ ግን ከመረቡ ግራና ቀኝ 2.13 ሜትር የሚሰፋው፣ ተጫዋቾች «ኩሽና» የሚሉት ቦታ ነው። ኩሽና ውስጥ ወይም መስመሩ ላይ ቆሞ ኳስን በአየር መምታት ክልክል ነው። ውጭ ቆሞ መትቶ፣ በግስጋሴው ተንሸራቶ መስመሩን የረገጠም ጥፋተኛ ነው። የነጠረችውን ለመመለስ ግን ማንም ይገባል። ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ተራ ክልከላ ያየዋል። በእኔ እምነት ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ረጅምና ጉልበተኛ የሆነው መረቡ ላይ ተንጠልጥሎ ኳሷን ቁልቁል እንዳይደበድብ ያገደው ይህ ሕግ ነው። አያት ከልጅ ልጅ ጋር ተሰልፎ በእውነት መፎካከር የቻለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ በጉልበት ከመምታት በፊት «ዲንክ»ን መልመድ ይሻላል፦ ኳሷን ዳብሶ መረቡን ለጥቂት አሳልፎ የተጋጣሚ ኩሽና ውስጥ ማሳረፍ። ጉልበት ሸብረክ፣ መምቻው ደረት ፊት፣ እጅ ላላ። ሰርቭ ያደረገው ጥንድ በሁለት ንጥረት ሕግ ምክንያት ኋላ ስለሚቀር፣ ሦስተኛዋን ምት በለስላሳው የተጋጣሚ ኩሽና ውስጥ ጥሎ እስከ ደፉ መጠጋት ዋናው ጥበብ ነው። ከራስ በላይ ለምታልፍ ኳስ ግን ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መሮጥ አደገኛ ነው፤ ዞሮ መሮጥ ነው የሚሻለው። በዕድሜ የገፉ ተጫዋቾች በብዛት የሚጎዱት በመውደቅ ነው።

ጨዋታው በ11 ነጥብ፣ በሁለት ልዩነት ያልቃል። በተለመደው አቆጣጠር ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የሚያደርገው ወገን ብቻ ነው። በጥንድ ጨዋታ ሦስት ቁጥር ይጠራል፦ የራስ ነጥብ፣ የተጋጣሚ ነጥብ፣ ሰርቭ የሚያደርገው አንደኛው ወይስ ሁለተኛው መሆኑ። መጀመሪያ ሰርቭ የሚያደርጉት ጥንዶች ብልጫ እንዳያገኙ አንድ ሰው ብቻ ስለሚፈቀድላቸውና እሱም እንደ ሁለተኛ ስለሚቆጠር፣ ጨዋታ የሚከፈተው «ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት» ተብሎ ነው።

የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 ፒክልቦልን ይፋዊ ስፖርቷ አድርጋዋለች። የኳሷ ኳኳታ በየሠፈሩ ጎረቤት ማስከፋቱ ግን አልቀረም፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነው፣ ሜዳ ከመኝታ መስኮት መራቅ አለበት። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲያትል በሕዝብ መናፈሻ መጫወት የሚሻ ቡድን ይዞ መሄድ አያስፈልገውም። በብዙ ሜዳዎች መምቻውን ከሌሎቹ ኋላ አሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፤ አራት መምቻ ሲሞላ አራቱ ባለቤቶች ገብተው ይጫወታሉ።