የገደል ማሚቶና ያልተወለደ ሕፃን

ልጆች ሆይ፤ ከሃላሌ ወደ ኦሞ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ቆማችሁ ብትጮኹ፥ ከማዶ ድምፅ ይመለስላችኋል። ሰው የገደል ማሚቶ ይለዋል፤ ነገር ግን ከማዶ የሚመልስ ሰው የለም። የተመለሰው የራሳችሁ ድምፅ ነው።

ድምፅ ማለት መርገብገብ ነው። የትምህርት ቤታችሁ ደወል ሲመታ በጣታችሁ ብትነኩት ሲርገበገብ ይሰማችኋል። ደወሉ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፤ ያም የሚቀጥለውን ይገፋል። ተጠጋግታችሁ በተሰለፋችሁ ጊዜ የኋለኛው ልጅ ቢገፋ፥ ግፊቱ እስከ ፊተኛው ይደርሳል፤ ልጆቹ ግን ስፍራቸውን አይለቁም። (ይህን በገደል አፋፍ አትሞክሩት።) እንዲሁም አየሩ በስፍራው ሲቀር ግፊቱ ይሄዳል፤ እርሱም የድምፅ ሞገድ ይባላል።

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ ማሚቶው በአንድ ሰኮንድ ቢመለስ፥ ግማሹ ለመሄጃ ግማሹ ለመመለሻ ነውና፥ ገደሉ 170 ሜትር ይርቃል። እነሆ፥ ያለ ገመድ ርቀትን ለካችሁ።

ተባይ የምትበላ የሌሊት ወፍም በጨለማ መንገዷን የምታገኘው እንዲሁ ነው። የሰው ጆሮ በሰኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ አይሰማም፤ የእርሷ ጩኸት ግን አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው።

በ1950 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958፥ ኢያን ዶናልድ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር፥ በድምፅ የሆድን ውስጥ እንዴት ማየት እንደሚቻል ጽፎ አሳተመ። ዛሬ መሣሪያው አልትራሳውንድ ይባላል። በሰኮንድ በሚሊዮን የሚቈጠር ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ሆድ ይልካል። ድምፅ በሥጋ ውስጥ ከአየር ይልቅ ይፈጥናል፤ በሰኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ማሚቶው ከሰኮንድ ዐሥር ሺህ ክፍል በአንዱ ቢመለስ፥ የመለሰው ነገር 7.7 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገኛል። መሣሪያው ብዙ ማሚቶ ሰብስቦ የሕፃኑን ራስ፥ እጅና እግር ይሥላል።

ነገር ግን በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ጥቂት አየር ቢቀር፥ ድምፁ ገደል እንደ ገጠመው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወደ ሥጋ የሚገባው ከቶ ጥቂት ነው። አየሩን ለማስወጣት አዋላጇ ቀዝቃዛ ጄል በሆድ ላይ ትቀባለች። አንዳንዲት እናት ግን ጄሉ መድኃኒት ይመስላታል፤ ሌላዪቱም መሣሪያውን እንደ ራጅ ጨረር ቈጥራ ትፈራለች። ድምፅ ብቻ መሆኑን ሳይነግራት የሚቀባት ቢኖር፥ ለፍርሃቷ ተወቃሹ እርሱ ነው።

የእንግዴ ልጅ አንዳንድ ጊዜ የማኅፀንን በር ዘግቶ ይተኛል። ይህ በምጥ ሰዓት ቢታወቅ፥ እናቲቱ ደም እየፈሰሳት መንገድ መጓዝ ሊሆንባት ይችላል። በማሚቶው አስቀድሞ ቢታይ ግን ቀኗ ሳይደርስ ተነሥታ፥ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግበት ሆስፒታል አጠገብ ሆና ትጠብቃለች።